ሰብአዊነቴ የደከመ ዕለት

የኩዌት መንግሥት የኮሮናውን ሰዓት እላፊ ካነሳ በኋላም የእኛ ቤት ሰዓት እላፊ አልተነሳም ነበር። አገሩ በሩን ከፍቶ፣ የፊንጣስ ባሕር ዳርቻ አመሻሹ ላይ በእግረኛ እየሞላ፣ እኔና በቤት ሠራተኝነት አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት ከግቢው በር አንወጣም። ማዳም ክፉ ሆና አይደለም። እናቷ ምድር ቤት ይኖራሉ፤ ስኳርም ደም ግፊትም ያለባቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ በሽታው የማንን ጫማ ተከትሎ እንደሚገባ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በሩን ሁላችንም ላይ ዘጋችብን፤ ራሷንም፣ ለጉዳይ ካልሆነ በቀር፣ ከእኛው ጋር ዘጋች። ባሏ በረሃ፣ ነዳጅ የሚወጣበት ቦታ ስለሚሠራ እዚያው ያድራል፤ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነበር።

ከኮሮና በፊት ዐርብ ዐርብ ፋርዋኒያ እሄድ ነበር። እዚያ አንዲት የወሎ ልጅ ጓደኛ አለችኝ፤ ከሌሎች አበሾች ጋር ቤት ተጋርታ ትኖራለች። የሳምንቱን አማርኛዬን አጠራቅሜ የማወራው ያን ቀን ነው። ዐርቤ ከቀረ ወዲህ አማርኛ የስልክ ቋንቋ ብቻ ሆነ፤ የቀረውን ሰዓት የምኖረው በአረብኛ ነው። አረብኛዬ ደግሞ የወጥ ቤት አረብኛ ነው። የማንኪያውን፣ የመጥረጊያውን፣ የሳሙናውን፣ የትራሱን ስም አውቃለሁ። መቆጣትም ይቅርታ መጠየቅም አያቅተኝም። በእጅ የማይያዝ ነገር ስም ግን አልነበረኝም፤ አስፈልጎኝም አያውቅም።

ያስፈለገኝ በልጅቷ ምክንያት ነው። የማዳም ልጅ ሦስተኛ ክፍል ነበረች፤ ትምህርቱ ሁሉ በታብሌት ሆኖ ቤት ገብቷል። ማዳም ራሷ ሥራዋን ከቤት ስለምትሠራ፣ ልጅቷ አስተማሪዋን ትታ ጨዋታ እንዳትከፍት አጠገቧ እንድቀመጥ አዘዘችኝ። አረብኛ ማንበብ አልችልም፤ መቀመጥ ግን እችላለሁ። ሽንኩርቴን ወይም የሚጣጠፍ ልብስ ይዤ ጎኗ ቁጭ እላለሁ። በዚህ ዓይነት እኔም ሦስተኛ ክፍልን ደገምኩ፤ ያውም በአረብኛ፣ ያውም ሽንኩርት እየላጥኩ።

አንድ ጠዋት አስተማሪዋ የቤት ሥራ ሰጠች። ልጅቷ ታብሌቱን ዘግታ ጉንጯን በሁለት እጇ ይዛ ተከዘች። ምን ሆነሽ ስላት፣ ስለ ጠቢዓ አጭር ቪዲዮ እንድትቀርጽ እንደታዘዘች ነገረችኝ። ከዚያ በሐዘን፣ “እኛ ቤት ግን ጠቢዓ የለም” አለች።

እኔ የሰማሁት ጠባይ ነው። ጠባይ የለም ብላ ራሷ መመስከሯ ደስ አለኝ፤ እውነቷንም ነው። በዋዜማው በአያቷ ላይ በር ወርውራ ዘግታለች፤ ከፎቅ ሆና ውኃ አምጡልኝ እያለች እየጮኸች ሁለታችንንም ደረጃ ለደረጃ ስታመላልሰን ነው የዋለችው። ስለዚህ ሽንኩርቴን አስቀምጬ መከርኳት። ጠቢዓ ከቤት ነው የሚጀምረው አልኳት። ጠዋት ስትነሺ አያትሽን እጅ ንሺ፤ በር ቀስ ብለሽ ዝጊ፤ ውኃ ሲጠማሽ ተነስተሽ ቅጂ፤ ያኔ እዚህ ቤት ጠቢዓ ይበዛል። ልጅቷ አፏን ከፍታ ነበር የምትሰማኝ። ስጨርስ ሮጣ እናቷ ዘንድ ሄደች፤ ተራሮችና ዛፎች የሚበዙት ለአያት ሰላም ሲባል ነው ብላ እንደነገረቻት በኋላ ተረዳሁ።

ማዳም እየሳቀች መጣች። ስልኳን አውጥታ ተራራ፣ ፏፏቴ፣ ደን አሳየችኝ። ጠቢዓ ማለት ይህ ነው አለችኝ። ገባኝ፤ ተፈጥሮ ማለቷ ነው። እኔ ምን መስሎኝ እንደነበር ስትጠይቀኝ፣ በእኛ ቋንቋ ጠባይ የሰው ነው አልኳት፤ ክፉ የሚናገር ጠባይ የለውም ይባላል፤ ለተራራ ግን ጠባይ አንልም። ማዳም ጥቂት አሰበችና እነሱም ጠብዕ የሚሉት ነገር እንዳላቸው ነገረችኝ፤ እሱም የሰው አመል ነው። ሁለቱም ቃል የሚመጣው ከማተም ነው አለች፤ ወረቀት ላይ ማኅተም እንደሚመታው ዓይነት፤ ሰውም ተራራም ላይ ታትሞ የቀረው ማለት ነው። እኔም በልቤ የእኛን ቃል አነሳሁ። ተፈጥሮ ስንል የተፈጠረው ማለታችን ነው፤ ማን እንደፈጠረው ሳንጠራ ጠርተነዋል። እነሱ ማኅተሙን አዩ፣ እኛ የፈጠረውን እጅ አየን። ይህን ሁሉ በወጥ ቤት አረብኛዬ ለማዳም መንገር ስላልቻልኩ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።

ልጅቷ ግን ነገሩ ጣፍጧት ነበር። ግቢያችን ውስጥ አንድ የሲድር ዛፍ አለ። እኛ አገር ቁርቁራ የምንለው ነው፤ እኔ ያደግሁት ሸዋ ሮቢት አካባቢ ስለሆነ ፍሬውን እየለቀምኩ ነው ያደግሁት። ያን ዛፍ ቀረጸችው፤ ከዚያ ስልኩን ወደ እኛ አዙራ ጠቢዓ በየቋንቋችን ምን እንደሚባል ጠየቀችን። ፊሊፒኗ ካሊካሳን አለች። እኔ ሻሼን አስተካክዬ ተፈጥሮ አልኩ። አያትየዋ በመስኮት ሆነው፣ ዛፉ እሳቸው ሙሽራ ሆነው ሲመጡ የተተከለ እንደሆነና ከባላቸው ይልቅ እሱ ይታዘዛቸው እንደነበር ተናገሩ። አስተማሪዋ ቪዲዮውን ለክፍሉ በሙሉ አሳየችላት።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ እኔን ማስተማር ሥራዬ ብላ ያዘች። ቀጣዩ ትምህርት ሰው ለተፈጥሮ ስላለበት ኃላፊነት ነበርና ኢንሳን የሚለውን ቃል አመጣችልኝ። ኢንሳን ሰው ነው፤ ይህን አውቀዋለሁ። ቀጥላ ኢንሳኒያ አለች። ምንድን ነው ስላት፣ “ኢንሳን ትይና መጨረሻው ላይ ኢያ ታደርጊበታለሽ” አለችኝ፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልነበራትም። ለእኔ በቃኝ። ደግ ላይ ነት ሲጨመር ደግነት፣ ወንድም ላይ ነት ሲጨመር ወንድምነት ነው። እንግዲያው ኢያ ማለት ነት ነው፤ ኢንሳን ሰው ከሆነ ኢንሳኒያ ሰውነት ነው። ያን ቀን ዕቃ ሳጥብ ሳይቀር ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በእጅ የማይያዙትን ስሞች መክፈቻቸውን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ስነሳ አጥንቴ ሁሉ ተሰባብሮ የተጠገነ መሰለኝ። እንዲያው በቀስታ ተነስቼ ልብስ መተኮስ ጀመርኩ። ማዳም ቡናዋን በኩባያ ይዛ ስታልፍ ፊቴን አይታ ቆመች፤ “ሽፊች?” አለችኝ፤ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተዕባና ብዬ፣ ደክሞኛል ብዬ አልፈው ነበር። ያን ዕለት ግን ልክ እንደ ተማረ ሰው መናገር አማረኝ። ሰውነቴን ደከመኝ ልላት ፈለግሁና ቃሉን ፈልጌ አገኘሁት።

“ኢንሳኒየቲ ተዕባና” አልኳት።

ማዳም ኩባያዋን መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እኔ በሽታውን ማን አጋባብሽ ያለችኝ መሰለኝ። አላውቅም አልኳት። ምናልባት ከዚሁ ከቤቱ ይሆናል፤ ትላንት ጀምሮኛል፤ ዛሬ ግን ባሰብኝ።

ማዳም በእጇ ዓይኗን ሸፈነች። ከዚያ መናገር ጀመረች። ግማሹ ነው የገባኝ። እኛን ዘግታ ራሷ ለጉዳይ እንደምትወጣ፣ ዐርባችንን ወስዳ መቼ እንደምትመልስልን እንኳ እንዳልነገረችን፣ ልጇ ከፎቅ ሆና እንደ ደወል ስትጠራን እየሰማች ዝም እንዳለች፣ ስለ እናቷ መፍራቷ እንጂ ስለ እኛ አለማሰቧ። ሐቅሽ ነው፣ ሐቅሽ ነው እያለች ደጋገመች። እኔ ደግሞ እንዲህ አምርራ ስታዝን ሳይ በሽታዬ ከባድ ቢሆን ነው ብዬ ፈራሁ። ዝም ብዬ እንዳልቀር፣ “ጉልበቴንም” አልኳት። “ጀርባዬንም ጭምር።”

ቀና ብላ አየችኝ። “ጉልበትሽን?”

“አዎ። ጉልበቴንና ወገቤን። ቁርጥማት አለው።”

እጇን ግንባሬ ላይ አደረገችና እንደ እሳት የነካች ሆና ወደኋላ ሸሸች። ከዚያ በሩ አጠገብ ሆና አፍዋንና አፍንጫዋን በሻሽዋ ጫፍ ይዛ መሳቅ ጀመረች። እየሳቀችም እንባዋ ይወርድ ነበር። ምን እንዳልኳት ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔ ገላዬን ማለቴ ነበር፤ ገላ ደግሞ በአረብኛ ሌላ ስም አለው። ኢንሳኒያ የሚሉት ሰብአዊነትን ነው። ለካ በካውያው ላይ ቆሜ፣ ሰብአዊነቴ ደክሟል ብያት ነው። ስህተቱ ቢታወቅም ግን የተባለው ተብሏል፤ ማዳምም ያን የተናገረችውን ወደ አፏ ልትመልሰው አልሞከረችም።

በማግሥቱ ሁላችንም ተመረመርን። የተገኘብን እኔና አያትየዋ ነን። ለእሳቸው የመጣባቸው ትንሽ ሳልና ድካም ነበር፤ ሐኪሙ በስልክ አነጋግሯቸው ቤት ሆነው ይቆዩ፣ ከባሰባቸው ብቻ አምቡላንስ ጥሩ ብሎ ነበር። ማን አብሯቸው ይቆይ ብሎ የጠየቀም አልነበረም። ምድር ቤቱ የራሱ በር፣ የራሱ መታጠቢያ፣ ሻይ የምናፈላበት ትንሽ ምድጃም አለው። ልብሴን በፌስታል ይዤ ወረድኩ። ማዳም በመስታወቱ በር ማዶ ቆማ እናቷን በአደራ ሰጠችኝ። እኔም አደራዋን ተቀበልኩ።

አያትየዋን ሁላችንም ማማ ነው የምንላቸው። ማማ በሽታን የሚፈሩ ሰው አይደሉም። ይልቅ የሚፈሩት ተከታታይ ድራማቸው እንዳያመልጣቸው ነው። መነጽራቸውን ሁልጊዜ ይረሳሉ፤ እኔ ከትራሳቸው ሥር፣ ከፍሪጁ ላይ፣ አንዴም ከተምር ሳህን ውስጥ አውጥቼዋለሁ። በተገኘ ቁጥር ይስቃሉ። አንዳንዶች ኢንሳን ኢንሳን የተባለው ስለሚረሳ ነው ይላሉ አሉኝ፤ በአረብኛ ኒስያን መርሳት ነውና። ሟች ባላቸው ግን ይህን አይቀበሉም ነበር፤ እሳቸው ቃሉ የመጣው ከኡንስ ነው ባይ ነበሩ፤ ኡንስ መላመድ፣ ከሰው ጋር ተጫውቶ መደሰት ነው። “እኔ የሱን ነው የምቀበል” አሉኝ፣ “ብቻውን መቀመጥ የሚችል ጋኔን ነው።” ይህን ያሉኝ ሁለታችን ተዘግተን፣ በአንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን፣ ብርቱካን እየተካፈልን ነው።

ምግባችንን የምታመጣልን ፊሊፒኗ ነበረች። ትሪውን ከበሩ ፊት አስቀምጣ ታንኳኳና “ታኦ ፖ” ብላ ወደ ኋላ ትርቃለች። መጀመሪያ የምግቡ ስም መስሎኝ ነበር። በኋላ በመስኮቱ በኩል ስጠይቃት፣ አገራቸው ሰው ቤት ሲደርሱ የሚሉት ነው አለችኝ። ታኦ ሰው ነው፤ ፖ ደግሞ የአክብሮት ቃል ናት። እንግዲህ በር ላይ ቆሞ፣ “ሰው ነኝ፣ ጌቶቼ” እንደ ማለት ነው። እኛ ቤቶች ብለን ቤቱን እንጣራለን፤ እነሱ ራሳቸውን ይናገራሉ። ጨለማ ላይ ሲሆን ጥሩ እንደሆነ ነገረችኝ፤ መንፈስ ሳይሆን ሰው መምጣቱ ይታወቃል።

ያን ጊዜ የካውያውን ነገር፣ ሰብአዊነቴ ስለ መድከሙ፣ እኔም ነገርኳት። እንደ ጠበቅሁት ሳቀች፤ ከዚያ ግን ሳቋን አቁማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማሰብ ጀመረች።

“ቆይ ሲስ” አለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። “የእኛም እኮ እንደዚያው ነው። ገላ በእኛ ካታዋን ነው። ካታዋን... ታኦ አለበት ውስጡ።”

ደጋግማ አለችው፤ ካ-ታኦ-አን፣ ካታዋን። ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው ኖራ ውስጡ ሰው እንዳለበት ልብ ብላው አታውቅም። እኔም ብሆን ሰውነቴን ታጠብኩ፣ ሰውነቴ ቆሰለ፣ ሰውነት ጨመርኩ ስል ኖሬ ምን እያልኩ እንደሆነ አስቤ አላውቅም። አገራችንን ከአገራቸው ስንት ባሕር ይለየዋል፤ እዚህ ኩዌት፣ በአንድ መስኮት ግራና ቀኝ ቆመን፣ ሁለታችንም ገላችንን ሰው መሆን ብለን እንደምንጠራው አገኘን። ወጡ እስኪቀዘቅዝ ቆመን ተሳሳቅን። በዓለም ላይ የታመመ ሁሉ ሰው መሆኑን ነው የሚያመው አልኳት፤ እሷም ይህን በእሷ ቋንቋ ሞክራ ልክ መጣላት።

እኔ ቶሎ ተሻለኝ። የማማ ሳል ግን አልለቅ አለ፤ ምግብም እየቀነሱ መጡ። አንድ ቀን ዓሣ ያለበት መጅቡስ መጣላቸው፤ የሚወዱት ሩዝ ነው። አንድ ማንኪያ አነሱና መልሰው አስቀመጡት። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው በእርጋታ፣ “ማሊ ነፍስ” አሉ።

ነፍስ የለኝም።

ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። ነፍስ የሚለውን ቃል ለመተርጎም ልጅቷም ማዳምም አያስፈልጉኝም፤ የእኛው ነው። እኛ ዘንድ ነፍስ አንዲት ናት፤ የለችም ከተባለ አለቀ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሰዎች እየተነጋገሩ ድንገት እንደሚሄዱ ከየስልኩ ስንሰማ ነበር የከረምነው። ማማ እንደ ትልቅ ሰውነታቸው ሞታቸውን አውቀው፣ ሳይሸበሩ እየነገሩኝ መሰለኝ። ስልኬን አንስቼ ማዳም ጋ ደወልኩ። በአፍ መሸፈኛው ውስጥ ሆኜ ማማ ነፍስ የለኝም ይላሉ አልኳት።

በአረብኛ ነፍስና ነፈስ የሚለያቸው ጭረት የምታህል ድምፅ ናት። ነፈስ እስትንፋስ ነው። ማዳም የሰማችው ነፈስ ነው። ነፈስ የላቸውም ብላ ጮኸች፤ እኔም የላቸውም አልኳት። ስልኩ ተዘጋ።

ማዳም የጠራችው አምቡላንስ እስኪመጣ የማደርገውን አጣሁ። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትኩ። ሦስት ትራስ ከጀርባቸው ደረደርኩ። በትሪ አራገብኩላቸው። በአፌ አባታችን ሆይ እላለሁ፣ በእጄ አራግባለሁ።

“ምን ሆነሻል ልጄ?” አሉኝ ማማ።

“አይናገሩ ማማ፤ ይቆጥቡት።”

“ምኑን ነው የምቆጥበው?”

ትኩሳቱ ጭንቅላቴ ላይ የወጣ መሰላቸውና እጄን ይዘው አጠገባቸው ሊያስቀምጡኝ ሞከሩ። በዚህ መሐል ነው ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ኦክስጅን ተሸክመው የገቡት። አንደኛው ግብፃዊ ነበር። መተንፈስ ያቃተው በሽተኛ የት አለ ብሎ ጠየቀ። ማማ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። “እሷ ናት” አሉት፤ “ደግ ልጅ ናት፣ ቀስ ብላችሁ ያዟት።”

ግብፃዊው የሁለታችንንም ጣት በመለኪያ ቆንጥጦ ኦክስጅናችንን በየተራ ለካ። የማማ እስትንፋስ ከእኔ ይሻል ነበር። ከዚያ ተቀምጦ ነገሩን ከሥሩ ጠየቀኝ፤ ያሉትን ቃል በቃል ነገርኩት። ሰውዬው የለበሰው መከላከያ ልብስ ጆሮውን የጋረደው መስሎት ነው መሰል ደግሞ አስባለኝ፤ ሁለተኛ ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማሊ ነፍስ ማለት ምግብ አላሰኘኝም ማለት ነው። ማማ ነገሩ ሲገባቸው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሳሉ ደግሞ ሰዎቹን አስደነገጣቸውና እንደገና ለኩዋቸው። ከመስታወቱ ማዶ ማዳም በባዶ እግሯ ቆማ ታለቅሳለች፤ ልጅቷም ስልክ ይዛ ሁሉንም ትቀርጻለች። ሰዎቹ ሲወጡ ግብፃዊው ሾርባ ነገር ብትሠሪላቸው ጥሩ ነው ብሎኝ ሄደ።

ፀጥ ካለ በኋላ ማማ፣ እናንተ ዘንድ ነፍስ ምንድን ናት አሉኝ። እንደምንም ነገርኳቸው። ከእግዚአብሔር የመጣች፣ ወደ እሱ የምትመለስ። ያረገዘች ሴት ነፍሰ ጡር ናት፤ ልጅ ክፉና ደጉን ሲለይ ነፍስ አወቀ ይባላል፤ የደከመው ሰው ውኃ ሲጠጣ ነፍስ ዘራ እንላለን። ለሩዝ ግን አንጠራትም። ማማ በጥሞና ሰሙኝ። እነሱ ዘንድ ነፍስ ያችው መሆኗን፣ ግን ራስ ማለትም እንደሆነች፣ የምትፈልገውና የምታምራት ነገርም እሷው እንደሆነች ነገሩኝ። ነፍስ እኮ እዚያ ላይ ብቻ አይደለችም አሉኝ፣ በጣታቸው ጣሪያውን እያሳዩ፤ ከዚያ ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ።

እንግዲያውስ ነፍስዎ ምን ትፈልጋለች አልኳቸው። አስበው አስበው ጨውም ቅመምም የሌለው፣ ሙቅ ነገር አሉ። እኔ የማውቀው አጥሚት ነው። ከላይ ቤት አጃ አስላክሁና በትንሿ ምድጃ ላይ ቀጠን አድርጌ ሠራሁት፤ ማር ጣል አደረግሁበት። ምንም አይጣፍጠኝም አሉ፤ ግን ጽዋውን ጨረሱት። በማግሥቱም ጠየቁ፤ በሌላው ቀንም። እንዲህ እያልን አንድ ጠዋት አንድ ጊዜ ፉት ብለው የጽዋውን ውስጥ አዩት። ምላሳቸው ተመልሶ ነበር። ማሩን ለዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ አንቺ ነፈስ አለሽ አሉኝ።

አሁን ተምሬያለሁ። ከመደንገጤ በፊት የትኛው ነፈስ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። አሁንም እየሳቁ አስረዱኝ፤ ወጧ የሚጣፍጥ ሴት ነፈስ አላት ይላሉ፤ ትንፋሿ ድስቱ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። እኛ ይህን ለእጅ ነው የሰጠነው፤ እጇ ይጣፍጣል እንላለን። ማማ እጄን ይዘው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። ሁለቱም ይሆናል አሉ።

ከምድር ቤቱ በወጣን በሳምንቱ ማዳም የግቢውን በር ከፈተች። ያን ጠዋት በካውያው አጠገብ ያለችውን አልረሳችም ነበር። ዐርባችን ተመለሰልን፤ ልጅቷም ውኃዋን ራሷ እንድትቀዳ ታዘዘች። መጀመሪያ መጀመሪያ አኮረፈች፤ በኋላ ግን ለአያቷም ጭምር መቅዳት ጀመረች። ማዳም አንዳንድ ጊዜ ልብስ ስተኩስ ስታገኘኝ በበሩ ብቅ ብላ፣ ኢንሳኒያሽ ዛሬ እንዴት ነች ትለኛለች። ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ነው እላታለሁ።

የመጀመሪያዋ ዐርብ ፊሊፒኗ ጓደኞቿ ዘንድ ስትሄድ እኔ ታክሲ ይዤ ፋርዋኒያ ወረድኩ። የወሎዋ ጓደኛዬ ከገበያው መግቢያ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር፤ አፍንጫና አፋችን ስለተሸፈነ ሁለታችንም ሌላ ሌላ ሴት ሰላም ብለን ነበር የተገናኘነው። እስኪመሽ አወራን። የሆነውን ሁሉ ስነግራት እሷ በልጅነቷ ቁርኣን ስለ ቀራች፣ ነፍስንማ እኔን ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር አለችኝ። ስልክሽ ዝግ ነበር አልኳት። ስመለስ ከአበሻ ሱቅ የተቆላ ገብስ ከለውዝ ጋር የተቀላቀለበት ቆሎ ገዛሁ።

ማማ ከሲድሩ ሥር ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው ነበር፤ ልጅቷም እግራቸው ሥር። ምን አመጣሽልን አሉኝ፤ ፌስታሉን ፈታሁላቸው። ልጅቷ እፍኝ ሙሉ ቃም አድርጋ ደገመች። ማማ ጥርሳቸው ስለማይችለው አንድ ፍሬ አፋቸው ውስጥ ይዘው ቆዩና እስኪለሰልስ ጊዜ አለኝ ብለው የቀረውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።